ኅዳር 12 እና ያልተጻፉ ስሞች

(በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

መንገዱ እንዲህ ባስቸገረበት ጊዜ ተሰብስበን መተያየታችን በራሱ ትልቅ ነገር ነው። የደብረ ብርሃን ብርድም እንደ ድሮው ተቀብሎናል፤ ያው ጋቢ ያልያዘ ይቆጨዋል።

አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። እኔ ነርስ ነኝ፤ እዚሁ አስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ተምሬ ነው የወጣሁት። ንግግር ማድረግ አልለመድኩም። የለመድኩት ተራ ማስረከብ ነው፤ የሌሊቷ ነርስ ለቀኗ ነርስ ማን እንዴት እንዳደረ ትነግራታለች፣ ፈርማ ትሄዳለች። ዛሬም ከዚያ የተለየ ነገር አልናገርም። ያላስረከብኩት ነገር ስላለ ነው የመጣሁት።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴን ልጠይቅ ወደ አንኮበር፣ ወደ ጎረቤላ ልሄድ መናኸሪያ ቆሜ መኪና እጠብቃለሁ። አንድ ሰው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አርባ አምስት፣ ሃምሳ የሚሆነው፣ ካፖርት ላይ ጋቢ የደረበ የገጠር ሰው ነው። ደጋግሞ አየኝና፣

«ሲስተር፣ አላወቅሽኝም?» አለኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አላወቅሁዎትም።»

«በኮሮናው ጊዜ እናቴን ያስረከብሽኝ አንቺ ነሽ። እንዳትከፍቱት ያልሽኝም አንቺ ነሽ።»

ብዬ ነበር። ለብዙ ሰው ብያለሁ፤ መመሪያው እንደዚያ ነበር፤ ያኔ የምናውቀውም ያንን ነበር። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እንዳትቀየሚኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ ውስጥ የነበረችው በእርግጥ እናቴ ነበረች?» አለኝ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ የጤና ባለሙያዎች ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሰውየው እናቱን በአምቡላንስ ሲያስገባ አይቷታል። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የተጠቀለለ ነገር ተሰጠው። ፊቷን አላየም። አልገነዛትም። መንደሩ ሲደርስ የዕድሩ ሰዎች ከሩቅ ቆሙ፤ ቄሱም ፍታቱን ከርቀት አደረሱ፤ አፈር ያለበሱት እሱና ሁለት ወንድሞቹ ናቸው። ለቀስተኛ አልመጣም። አርባዋን አወጣ፣ ሰማንያዋን አወጣ፣ ሙት ዓመቷን አወጣ። «ግን ለማን እንዳወጣሁ ልቤ አላመነም» አለኝ። ሰው ከሰው የተምታታበት ወሬ በየአገሩ ይወራ ነበርና እሱንም ያው ጥርጣሬ ገባው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከመቃብሯ አጠገብ እያለፈ ቤተ ክርስቲያን ይስማል።

መልስ አልነበረኝም። «አጣራለሁ» አልኩት፤ ስልኩን ተቀበልኩ።

ለማጣራት ሞከርኩ። የሠራሁበትን ማዕከል ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ማዕከሉ ተዘግቷል። መዝገቡ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ዞሮ በመጨረሻ አገኘሁት። ዕድሜ አለው፣ ፆታ አለው፣ የናሙና ቁጥር አለው፣ የአልጋ ቁጥር አለው፣ የገባችበትና የሞተችበት ቀን አለው። ስሟ ደግሞ ግማሹ በእጅ ጽሑፍ፣ ያውም በእኔው እጅ ጽሑፍ፣ የማይነበብ። ማን እንዳጠባት፣ ማን እንደጠቀለላት፣ ምን ለብሳ እንደነበር የሚል ቦታ መዝገቡ ላይ የለም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ይህ አንድ ቀን ይጠየቃል ብሎ አላሰበም። እኔም አላሰብኩም።

ከዚያ አንዲት የጽዳት ሠራተኛችን ትዝ አለችኝ። እኛ «እትዬ» ነበር የምንላት። ያኔ በኮንትራት የተቀጠረች ናት፤ በረኪና በጥብጣ ወለሉን የምታጥብ፣ ቆሻሻውን ወስዳ የምታቃጥል፣ እኛ ሁለት ጓንት ደርበን የምንገባበት ክፍል በአንድ ጓንት የምትገባ። ጠባሴ አካባቢ ቆሎ ስትሸጥ አገኘኋት። ኮንትራቷ ያለቀው ማዕከሉ በተዘጋ ቀን ነው፤ አመሰግናለሁ የሚል ወረቀት እንኳ የሰጣት የለም። የሴትዮዋን ዕድሜና አገር ስነግራት ጥቂት እንኳ ሳታስብ፣

«የአንኮበሯ እናት? ባለ አረንጓዴ ጥለቷ?» አለችኝ።

ሴትዮዋ ስትገባ ይዛት የመጣችው ነጠላ ነበረች፤ ታጥፋ ትራሷ ሥር ተቀምጣ ነበር። ያረፈች ሌሊት እትዬ ፊቷን በውኃ ጠረግ ጠረግ አደረገቻት፤ ነጠላዋን ዘርግታ ከራሷ እስከ ጉልበቷ አለበሰቻት፤ ከዚያ በኋላ ነው የታሸገችው። «እርቃኗን እንዳትሄድ ብዬ ነው፤ አጠፋሁ እንዴ?» አለችኝ። ከአራት ዓመት በኋላ አሁንም እንዳልቆጣት ትፈራለች።

ደወልኩለት። አረንጓዴ ጥለት ያላት ነጠላ እንደለበሰች ነገርኩት። ስልኩ ዝም አለ። ቀጥሎ የሰማሁትን ለቅሶ መግለጽ አልችልም። በኋላ «እኔ ነኝ የገዛሁላት፤ ለፋሲካ» አለኝ።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ሁሉ ከዚህች ነጠላ የወጣ ነው። ሐሳቡም ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲያችንና ማኅበራችን በየዓመቱ አንድ ቀን፣ ኅዳር 12 ቀን፣ በኮሮና ለሞቱ ሰዎችና ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት እነሱ ለሥራ ይወጡ ለነበሩ ሠራተኞች መታሰቢያ ያድርጉ። መታሰቢያውም ከስም ይጀምር።

ለምን ኅዳር 12? በኮሚቴው ስንነጋገር ሦስት አራት ቀን ቀርቦ ነበር። አንዳንዶቻችን መጋቢት 4 ይሁን አልን። መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረበት ቀን ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የጃፓን ዜጋ ነበር። በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ አዲስ አበባ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የክትባቱ ዘመቻ ተጀመረ፤ ስለዚህ ቀኑ ሁለት ነገር ይዟል የሚል ጥሩ ክርክር ቀረበ። እኔ ግን አልተመቸኝም። መጋቢት 4 በሽታው የገባበት ቀን ነው። የበሽታ ልደት የምናከብር ይመስለኛል። ደግሞም ያ እንግዳ ሰው ሕመምተኛ እንጂ ጥፋተኛ አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን የውጭ አገር ሰው ባየ ቁጥር የሚሸሸውንና የሚሰድበውን ሁላችንም እናስታውሳለን።

ኅዳር 12 ግን የኛው ነው። አዲስ መሰየም እንኳ አያስፈልገውም፤ ተሰይሞ የኖረ ነው። ልጆች ሆነን በኅዳር ሚካኤል ጠዋት የግቢውን ጉድፍ ጠርገን ደጅ ላይ ከምረን እናቃጥል ነበር። ጭሱ ከውርጩ ጋር ተደባልቆ መንደሩን ሲሸፍነው «ኅዳር ሲታጠን» ይሉናል። ለምን እንደሚታጠን ግን የነገረን የለም። እኔ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው፤ ያውም ከክፍል ሳይሆን ከአንድ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪ ወሬ።

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ በፈረንጆቹ 1918፣ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። በከተማዋ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ቀባሪ ጠፋ፤ ብዙ ሰው በአንድ ጉድጓድ ተቀበረ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው በብርቱ ተጨንቀው ነው የዳኑት፤ በኋላ ሕይወታቸውን ሲጽፉም አንስተውታል። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚህ በሽታ አጥንተው ጽፈዋል፤ መርስኤ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም በትዝታቸው አስፍረውታል። ጉድፍ ማቃጠሉ አየሩን ያጸዳል ተብሎ የመጣ ነው። በሽታው አለፈ፤ ጭሱ ቀረ። ከመቶ ዓመት በላይ በየዓመቱ እናጨሳለን።

እንግዲህ አስቡት። ይህች አገር የወረርሽኝ መታሰቢያ ቀን ካላቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፤ ያውም መንግሥት ያላወጀው፣ ሕዝብ ራሱ ይዞ ያቆየው። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ የኅዳር በሽታ ሙት፣ ከትልልቆቹ ሰዎች በቀር የስንቱን ስም እናውቃለን? ከበሽታው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 1909፣ ከዚህ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ሰገሌ ላይ ጦርነት ተደርጓል። የሰገሌን የጦር አዝማቾች ተማሪ ሁሉ ይቆጥራል፤ ማን በየት በኩል እንደገጠመ፣ ማን እንደተማረከ። በኅዳር በሽታ ጊዜ ውኃ ያቀበለው፣ ሬሳ ያነሳው፣ ጉድጓድ የማሰው ግን አንድም ስም የለው። ልጆች ሆነን የምናጨሰው ለእነሱ እንደሆነ እንኳ አናውቅም ነበር።

ይህቺ ከተማ ደግሞ ከዚያም በፊት የምታስታውሰው አላት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን ከቆረቆሩ በኋላ ቸነፈር ገብቶ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው እንዳለቀ፣ ንጉሡም በዚያ ምክንያት በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። አሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ነው የምላችሁ። የንጉሡ ስም አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ስም አለ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ስለ ራሳችን ጊዜ ላስታውሳችሁ፤ ቅርብ ስለሆነ የምናስታውስ ይመስለናል እንጂ ተምታቶብናል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተባለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተማሪው ሻንጣውን እየጎተተ ከዚህ ግቢ ወጣ፤ ያን ዓመት ተመራቂ የነበራችሁ አላችሁ፣ ምርቃታችሁ ምን እንደመሰለ እናንተ ንገሩን። መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተነገረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መጨባበጥ ተከለከለ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም እንዲሁ። በየአገሩ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች ለይቶ ማቆያ ሆኑ። ማታ ማታ ሁላችንም የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ የሚያወጡትን ቁጥር እንጠብቅ ነበር፤ ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት ሞተ። መጀመሪያ ሰሞን ዕድሜና ፆታ፣ የጉዞ ታሪክ ሳይቀር ይነገር ነበር። ቁጥሩ ሲበዛ ድምሩ ብቻ ቀረ። ድምሩም ሲለመድ መጠበቁ ቀረ።

ከዚያ ለዚህ አካባቢ ሌላው መከራ መጣ። 2013 ላይ አጣዬ ተቃጠለ፤ 2014 ኅዳር ላይ ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ገፋ፤ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተሞላች። ማስክ ማድረግ የሚለው ነገር ቀልድ ሆነ፤ በአንድ ክፍል ሠላሳ ሰው ተኝቶ ማን ይራራቅ? ኮሮና ያበቃው እኛ ዘንድ ድኖ ሳይሆን ተረስቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ደረጃውን ያነሳው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። አጋጣሚ ሆኖ እኛ ዘንድ የአርበኞች ቀን ነበር። አበባው ተቀምጧል፤ ለሌላ ሙታን።

አንድ የምወዳቸው መምህራችን፣ እዚሁ ተቀምጠዋል፣ ሐሳቡን ሳማክራቸው «ልጄ፣ በጥይት የሞተው ገና ሳይለቀስለት የኮሮናውን ታነሺያለሽ?» አሉኝ። ቀላል ጥያቄ አይደለም። አንዱ ኀዘን ሌላውን እንዲጋፋ አልፈልግም። ግን እኔ ሳስበው፣ የኮሮናውን ሙት በወጉ ብናለቅስለት ኖሮ ቀጥሎ ለመጣው ኀዘን የምንጠነክር ይመስለኛል። እኛ አገር እኮ ለቅሶ መድረስ ሥራ ነው፤ ብድር ነው። ሰው ልጁን ድሮ ሳትሄድለት ቢቀር ይቀየምሃል፤ ለቅሶው ሳትደርስ ብትቀር ግን ዝምድናው ይቆረጣል። በዚያ ዓመት ሁላችንም ለሁላችንም ሳንደርስ ቀረን። ያ ብድር አልተከፈለም። እኔ ራሴ አክስቴ በዚያው ክረምት ጎረቤላ ሞታ አልሄድኩም። በኮሮና ይሁን በሌላ፣ የመረመራት የለም። በስልክ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ወደ ተራዬ ተመለስኩ።

ሌላው የሚነሳው «እኛን ያን ያህል አልጎዳንም» የሚለው ነው። በአገራችን በሪፖርት የተመዘገበው ሞት ከ7,500 በላይ ነው። ይህ ተመርምሮ የተገኘበትን ብቻ የሚይዝ ቁጥር ነው፤ አክስቴ እዚያ ውስጥ የለችም። የዓለም ጤና ድርጅት በመላው ዓለም በ2020 እና 2021 ብቻ ከወትሮው በላይ የሞተውን ሰው ወደ 14.9 ሚሊዮን ገምቶታል፤ አገሮች ከመዘገቡት እጅግ ይበልጣል። እስከ ግንቦት 2021 ድረስ የሞቱትን የጤና ሠራተኞች ደግሞ ወደ 115 ሺህ ገምቷል። ልብ በሉ፣ ይህም «የጤና ሠራተኛ» የተባለውን ነው። አምቡላንስ ነጂውን፣ ዘበኛውን፣ የዕድሩን ጉድጓድ ቆፋሪ ማን ቆጠረው?

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ጣሊያኖች መጋቢት 9 ቀንን በሕግ መታሰቢያ አድርገዋል፤ በዚያ ዕለት በ2012 ዓ.ም. የቤርጋሞን ከተማ አስከሬን የጦር ካሚዮኖች ጭነው ሲወጡ ዓለም በቴሌቪዥን ያየበት ቀን ነው። ለንደን ላይ ደግሞ ቤተሰቦች ራሳቸው ቀለም ይዘው ወጥተው፣ ከፓርላማው ፊት ለፊት ባለው የወንዝ ዳር ግንብ ላይ ለእያንዳንዱ ሙት አንድ ቀይ ልብ ሳሉ፤ በልቡ ውስጥ ስም ይጻፍበታል። ለእኔ ግን በጣም የሚቀርበኝ የቻይናው ነው። ቻይናዎች ከጥንት ጀምሮ የወላጅ መቃብር የሚጠርጉበት ቀን አላቸው፤ በ2012 ዓ.ም. የብሔራዊ ኀዘን ቀኑን በዚያው ላይ አዋሉት። አዲስ ቀን ፍለጋ አልሄዱም። እኛም አለን።

ኅዳር 12 የሚካኤል በዓል መሆኑ ሙስሊም ወንድሞቻችንን አያገልም ወይ? ይህን ያነሳችው የአልዩ አምባ ልጅ የሆነች የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ማንሳቷም ተገቢ ነው። ተነጋገርንበት። መታጠኑ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፤ የሰፈር ሥራ ነው፤ በከተማው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደጁን ይጠርጋል። ስለዚህ መታሰቢያው ከቤተ እምነት ውጪ በካምፓሱ ግቢ ይሁን፤ ጸሎቱን ሁሉም በየራሱ ያድርስ፤ ዱዓውም ፍታቱም በየቤቱ። እሷም «ስም የሚነበብ ከሆነ የአባቴን ይዤ እመጣለሁ» ብላለች። ጭሱን በተመለከተ ደግሞ እንደ ጤና ባለሙያ ልናገር፦ የዛሬ ጉድፍ የድሮው ገለባና ቅጠል አይደለም፤ ፕላስቲክ ነው። እሱን ማቃጠል ሳንባ የታመመ ሰው የምናስታውስበት መንገድ ሊሆን አይችልም። መጥረጉ ይቅርልን፤ ማጨሱ በአንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል እሳት ይበቃል። ያኔ ስንታጠነው የከረምነው እሱኑ አይደል?

ሥራ የሚዘጋበት ቀን ግን አንጠይቅም። ይህን ኮሚቴው ውስጥ አጥብቄ ተከራክሬበታለሁ። በዓል ሲሆን የሚያርፈው ማን ነው? ቢሮው። ዘበኛው አያርፍም፣ የማታ ነርሷ አታርፍም፣ ዳቦ ጋጋሪው አያርፍም። እነሱን ለማሰብ ብለን እነሱን ሥራ ላይ ትተን እኛ ቤታችን ብንተኛ ሰው ይስቅብናል።

ማንን እናስታውሳለን ለሚለው፣ እኔ የማስታውሳቸውን ልንገራችሁ፤ እናንተ ትጨምራላችሁ። ኦክስጅን ሲሊንደር ጭነው ሌሊቱን በጣርማ በር ጉም ውስጥ የሚነዱ ሾፌሮች። የአንኮበርን ዳገት በእግራቸው እየወጡ እየወረዱ በየቤቱ «ትኩሳት ያለው አለ?» እያሉ የሚጠይቁ፣ አንዳንዴም ውሻ የሚለቀቅባቸው የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች። ምግብ አብስለው በር ላይ አስቀምጠው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ የሚሉ ወጥ ቤቶች። ተማሪው ሁሉ ሄዶ ባዶውን ግቢ የጠበቁ ጥበቃዎች። ናሙና ይዘው ቤታቸው ሳይገቡ ሳምንታት ያደሩ የላቦራቶሪ ሰዎች፤ አንዱ ልጁ አፏን ስትፈታ አላየም፣ በስልክ ነው የሰማው። የቤት ኪራይ የተከለከሉ ነርሶችም ነበሩ፤ «በሽታ ታመጪብናለሽ» ተብለው። እኔ አንዷ ነኝ፤ አከራዬ በኋላ ይቅርታ ጠይቀውኛል፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

ካምፓሳችን የሐኪም ስም ተሸክሟል፤ የፕሮፌሰር አስራት ወልደየስን። በበሩ በገባሁ ቁጥር አነበው ነበር። ስም በር ላይ ሲጻፍ ምን እንደሚያደርግ ከዚያ ነው የተማርኩት፤ ሰውየውን አይተን የማናውቅ ልጆች ስለሳቸው እንድንጠይቅ አድርጎናል። እትዬን በር ላይ እንጻፋት እያልኩ አይደለም። መዝገብ ላይ ግን ትጻፍ።

ስለ መዝገቡ አንድ ከባድ ነገር አለ። ያኔ በኮሮና ሞተ መባል ነውር ነበር። ቤተሰብ «በስኳር ነው»፣ «በልብ ነው» እያለ ደብቋል፤ ልጆቹ በሰፈር እንዳይገለሉ፣ ሱቃቸው እንዳይራቅ። ያንን ምስጢር ዛሬ እኛ ተነስተን በማይክሮፎን ልንገልጥ አንችልም። ስለዚህ ከሆስፒታል ዝርዝር አንድም ስም አይወሰድም። ቤተሰብ ራሱ መጥቶ ያስመዘግባል፤ ያልፈቀደ አይጠየቅም፤ የሞተበትንም ምክንያት መጻፍ ግዴታ አይሆንም። አክስቴን የማስመዘግበው እንደዚያ ነው። ከሟቹ ስም ጎን ግን ያ የማዕከሉ ቅጽ ያልነበረው ቦታ ይኑር፦ ያስታመመው ማን ነው፣ የገነዘው ማን ነው፣ አፈር ያለበሰው ማን ነው። ቤተሰቡ ካላወቀ ባዶ ይተው፤ እኛ ፈልገን እንሙላ። አብዛኞቻችን በየጤና ጣቢያው፣ በየወረዳው አለን፤ እርስ በርስ እንተዋወቃለን፤ አንድ ስልክ ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍላችን መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ለመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ላይ ቢያሰማሩልን፣ ዛሬ ሰባ ሰማንያ የሆናቸው የዕድር ዳኞች ሳያልፉ ብዙ ነገር ይጻፋል። የኅዳር በሽታን ያዩ ሰዎችን ማንም ሳይጠይቃቸው ነው ያለቁት።

የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ይህን ሐሳብ ዛሬ እዚህ እንዲያጸድቅ አልጠብቅም፤ አሠራር አለው፣ ሴኔት አለው፣ እናውቃለን። ማኅበሩ ግን የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ የመጀመሪያውን ኅዳር 12 ማድረግ ይችላል። ጠዋት መጥረግ፣ ቅጠል ማጨስ፣ ስም ማንበብ፣ ቡና ማፍላት። ከዚያ ተረኛው ወደ ተራው ይሂድ።

ያ የአንኮበሩ ሰው የእናቱን ስም እንድናስመዘግብ ፈቅዷል፤ በዚህ ንግግር ውስጥ ግን እንዳልጠራው ለምኖኛል፣ መጀመሪያ ራሱ ሊያነበው ይፈልጋል። እትዬን ሊያመሰግን ጠባሴ ድረስ አንድ ቁና ገብስ ይዞ ሄዶ ነበር፤ እምቢ ብላው ሲከራከሩ ውለው በመጨረሻ ቆልታ ለሁለት ተካፈሉት። ሁለቱም ኅዳር 12 እንመጣለን ብለዋል። ከጎረቤላ በጠዋት የሚነሳ መኪና አስተማማኝ ስላልሆነ፣ መኪና ያላችሁ የአንኮበር መስመር ልጆች ከስብሰባው በኋላ እኔን አነጋግሩኝ።

መዝገቡን ይዤው መጥቻለሁ። ከመግቢያው በር አጠገብ፣ ስማችሁን የጻፋችሁበት ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ብዕር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ እዚያ ያለው አንድ ብቻ ነው።